የጳጉሜ ስድስት እርማት

የሮም ትራም ነጂዎች አድማ ሲያምራቸው ዓርብን ይመርጣሉ። ሾፔሮ ይሉታል። እኔ በዚህች ከተማ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እስካሁን አልለመድኩትም፤ ሾፔሮ መኖሩን የምሰማው ሁልጊዜ ፌርማታው ላይ ቆሜ ነው። በጥር ወር አንድ ዓርብም እንዲሁ ኤስኲሊኖ ሰፈር ትራም ስጠብቅ፣ አንዲት ቻይናዊት ባለሱቅ አዝናልኝ “ዛሬ የለም ሲኞራ” አለችኝ። እግሬን ላሳርፍ ብዬ ወደ መናፈሻው ስገባ፣ ከዘንባባው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

አቶ ኣብሰሎም ነበሩ። እሳቸውን የማያውቅ ሐበሻ በሮም የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ዘበኛ ሆነው ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እሑድ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት የአጽዋማትንና የበዓላትን አቆጣጠር፣ የሚያስተምሩን እሳቸው ናቸው። ያለ ወረቀት፣ ያለ ሰሌዳ፣ የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ ብቻ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ደግሞ የወርቅነሽ ልጅ ፍቅር ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ቲቡርቲና አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

“ደህና መጣሽ ጤናዬ” አሉኝ አቶ ኣብሰሎም። “ነይ ቁጭ በይና ፍረጂን። ይህቺ ልጅ ስሜን በአደባባይ ለማጥፋት ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነው።”

“ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም።”

“እሺ፣ ያልሽውን አንቺው ንገሪያት።”

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ተሸክሜ ስለምውል፣ የራሴን ቃል የምናገርበት አጋጣሚ ከተገኘ አላሳልፍም። ተቀመጥኩ።

“እትዬ ጤናዬ” አለች ፍቅር፣ “ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከዜሮ አይጀምርም። ሌላው አንዴ ጽፎ ለሁሉም የተወውን ኮድ ወስዶ ይጠቀምበታል። ላይብረሪ እንለዋለን። ከላይብረሪው ጋር አጠቃቀሙን የሚያስረዳ መመሪያ አለ። ተመስገንን ያውቁታል አይደል፣ ቶሪኖ የሄደውን ኢንጂነር? እሱ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚለውጥ ላይብረሪ ሠርቷል። ግን ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ተጠቃሚው ራሱ ነው የሚነግረው። ያንን ከመመሪያው ያነባል። መመሪያው ደግሞ ‘ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ዮሐንስ ነው’ ይላል።”

“ታዲያ ምን ሆነ?”

“በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው እኮ። ዮሐንስ የሚገባው ከሷ ማግስት ነው። መመሪያውን ያመነ ሰው በዘመነ ዮሐንስ የዋለውን ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ያስቀድመዋል። እኔ የማርመው አንድ ቃል ነው፤ ዮሐንስ የሚለውን ሉቃስ ማድረግ።”

“አንድ ቃል” አሉ አቶ ኣብሰሎም። “ከሥሩ የተጻፈውንም አንብቢላት እንጂ።”

ፍቅር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፤ “ይህን ያስተማሩን በሮም የሚኖሩት መምህር ኣብሰሎም ናቸው። እናመሰግናለን።”

ነገሩ አሁን ገባኝ። አቶ ኣብሰሎም ባለፉት ዓመታት “ስሜ እኮ ኢንተርኔት ላይ አለ” ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የምን ስም እንደሆነ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ባሕረ ሐሳብን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያጠኑ ኖረዋል፤ በሚጠብቁት ሕንፃ ግን መምህር ብሎ የጠራቸው አልነበረም። መምህር የተባሉት በዚያች ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ በልጅቷ አልፈረድኩም፣ በሳቸውም አልፈረድኩም። ለጊዜው ነው።

“እውነት ግን ጋሼ” አልኳቸው፣ “ጳጉሜ ስድስት የዮሐንስ ናት ብለው አስተምረዋል?”

“እኔ የማስተምረው በዓመት መለወጫ ሰሞን ነው። ‘ዘንድሮ የሚገባው ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜ ስድስት ናት’ እላለሁ። ፊቴ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ገብቶት ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?”

“እርስዎ ልክ ነዎት” አለች ፍቅር። “ተመስገንም የሰማውን ነው የጻፈው። ግን መመሪያውን የሚያነበው ሰው ወሩ ጳጉሜ መሆኑን አያይም፣ ጣትዎን አያይም። ዮሐንስና ሉቃስ እነማን እንደሆኑ እንኳ ላያውቅ ይችላል። የተጻፈውን ይወስዳል፣ በቃ።”

“ያልገባው ይጠይቀኛ። ስልኬ አይጠፋም።”

“እንዳልገባው በምን ያውቃል ጋሼ?”

አቶ ኣብሰሎም ክርክር ሲጠብባቸው ልማዳቸው ነው፣ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ።

“አሎራ፣ ስሚኝ ልጄ። እኔ ጎንደር ዜማ ቤት ስማር የኔታ የሚያርሙን ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ስንሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ቆመን ከሥር እንጀምራለን። እርማት ፈርቼ አላውቅም። ግን መምህሩን ተማሪው ሲያርመው አላየሁም። መምህሩ ቢሳሳት እንኳ ቀን ተጠብቆ፣ ለብቻው ተገኝቶ፣ ጉልበቱ ተስሞ ነው የሚነገረው። ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው።”

“ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ብቻዎን ነዎት ብዬ ነው የመጣሁት። ጉልበትዎንም ልስም ስል አይሆንም አሉኝ።”

አቶ ኣብሰሎም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ልጅቷ ጣልያን ተወልዳ የሐበሻን ነገር እንዲህ መያዟ ገረመኝ፤ ወርቅነሽ ቀኑን የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ ማታ ልጇን በደንብ አስተምራለች።

“እስቲ እርማቱ እንዴት እንደሚሄድ ንገሪን” አልኳት። ሰው የማያውቀውን ነገር አብልጦ ይፈራል።

“እኔ ገጹን ራሴ አልነካውም። ‘ይህ ቃል ቢታረም’ ብዬ፣ ምክንያቱን ጽፌ ለተመስገን አቀርባለሁ። ባለቤቱ እሱ ነው። ካመነበት ይቀበለዋል፤ ካላመነበትም ለምን እንዳላመነበት ይጽፋል። የድሮው ቃልም ጨርሶ አይጠፋም። ማን ለወጠው፣ ለምን ለወጠው የሚለው ከነምክንያቱ ይቀመጣል።”

“ሰማሽ ጤናዬ?” አሉ። “ስሕተቱም ይቀመጣል። ስሜም ከሥሩ ይቀመጣል።”

“እርማቱም ይቀመጣል እኮ ጋሼ። በኛ ሙያ አንዴም ታርሞ የማያውቅ መመሪያ ካየን እንጠረጥረዋለን። ማንም አላነበበውም ማለት ነው። የምናምነው ብዙ ሰው ያረመውን ነው። አንዱ ነጠላ ሰረዝ ያርማል፣ ሌላው ያረጀ ምሳሌ ያድሳል። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያረሙትን አንብቤ ነው ሙያውን የተማርኩት። እኔም በተራዬ ትንሽ ብጨምር ብዬ ነው።”

“ቁም ነገር ነው። ግን ሌላ ቦታ ጨምሪ። የተበላሸ መመሪያ የሞላበት ዓለም አይደለም እንዴ? አንድ ቀን ቢቀድም ማን ይሞታል?”

ይህቺን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

“ጋሼ፣ አሰለፈችን ያውቋታል?”

“እንዴት አላውቃትም? ያለፈው እሑድ ወረቀቷ እንዲሰምርላት ሁላችንም ጸልየን የለም ወይ?”

አሰለፈች የአንዲት አሮጊት ሲኞራ አስታማሚ ናት። ለተንሳኤ የምትባል ልጇ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ናት። እናትየው ወደዚህ ልታመጣት ማመልከቻ አስገብታለች፤ ማመልከቻው የሚያገለግለው ግን ልጅቷ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ከገባ ነው፤ ዐሥራ ስምንት የሚሞላት ደግሞ በመጪው ግንቦት ነው። እኔ በማስተረጉምበት የበጎ ፈቃደኞች ስፖርቴሎ፣ ማለት ስደተኛን በወረቀት ጉዳይ በሚረዳ ቢሮ፣ የክርስትና ወረቀቷን ተርጉመን ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው። ፍራንቼስኮ የሚባል ደግ ወጣት ቀን የሚለውጥ ፕሮግራም ሠርቶልናልና ቀኑን በሱ ለወጥነው።

“ማመልከቻዋ ተመልሶባታል” አልኳቸው። “ፓስፖርቷ በፈረንጅ አቆጣጠር ማጆ ዘጠኝ ይላል፤ እኛ የተረጎምነው ማጆ ስምንት ይላል። ‘እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ?’ ተብሎ ነው የተመለሰው። እንደገና ተረጎምነው፤ ያው ስምንት ወጣ። ፍራንቼስኮን የልጅቷ ፓስፖርት ነው ልክ፣ ፕሮግራምህን እየው ስለው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‘እኔ የሠራሁት በመመሪያው ነው። መመሪያው ላይ የመምህር ስም አለበት። ከመምህሩና ካንቺ ማንን ልመን?’ አለኝ። መምህሩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም ነበር።”

ፍቅር ላፕቶፗ ላይ አጎነበሰች፤ እኔም ከተናገርኩ በኋላ ትንሽ ጸጸተኝ፤ ሽማግሌ ሰው ላይ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይዘረገፍም። ቢሆንም እውነት ነበር።

“መቼ ነው የተወለደችው?” አሉ አቶ ኣብሰሎም።

“ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ልደታ።”

ግራ እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው አንጓቸውን መቁጠር ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዴ ቆጥረው ጨረሱና ደገሙት።

“የሚሌኒየሙ ዓመት” አሉ ቀስ ብለው። “ዮሐንስ ነው።”

ቀጥለው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “አይ። ተመስገን የተማረ ሰው ነው። ስሕተት ቢኖር ያየው ነበር። ደውዪለት። እሱ ካለ አምናለሁ።”

ፍቅር ደወለችና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ በመካከላችን አስቀመጠችው። ሰላምታው ረዘመ፤ የተመስገን ሚስት፣ ልጆቹ፣ የቶሪኖ ብርድ፣ የአቶ ኣብሰሎም ጉልበት፣ ሁሉም በየተራው ተጠየቀ።

“ልጄ” አሉ በመጨረሻ፣ “ያቺ ስሜ ያለባት ገጽ ላይ ስሕተት አለ ወይ?”

ተመስገን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ።

“አለ ጋሼ። አምና ነው ያየሁት።”

“ታዲያ ለምን አላረምከውም?”

“ስምዎ አለበት። ሳልነግርዎ ብለውጠው ድፍረት ሆነብኝ። ልነግርዎ ደግሞ አፈርኩ። ሮም ስመጣ በአካል እነግራቸዋለሁ ስል ዓመቱ አለፈ።”

“አክብረኸኝ ነው።”

“አዎ ጋሼ። በጣም ስለማከብርዎ ነው።”

“እግዜር ይስጥህ” አሉና ስልኩን ዘጉት።

እኔ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚረታው ሰው በክርክር አይረታም፤ ራሱ ያየው ነገር ነው የሚረታው። አቶ ኣብሰሎም ኮታቸውን ከላይ እስከ ታች ቆልፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልደበቁንም።

“ስሕተቱን አይደለም የማዝነው” አሉ። “ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። እነዚህ ልጆች ግን እኔን ፈርተው ዝም አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ተከበርኩ ብዬ ተቀመጥኩ። በዚህ መሃል አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር እንዳትገናኝ ሆነች። ይህን ክብር አልፈልገውም።”

“እርስዎ አላወቁም ጋሼ” አለች ፍቅር።

“እንዳላውቅ ያደረግሁት እኔው ነኝ። አፍሽን ለመክፈት ስትፈሪ እኮ አየሁሽ። ክፈቺ ያንን ነገር። እኔ እላለሁ፣ አንቺ ጻፊ።”

ከዚያ በኋላ ያለው ለማየት ደስ ይል ነበር። አቶ ኣብሰሎም እርማቱን ከአዳም ሊጀምሩት ፈለጉ። አምስት ሺህ አምስት መቶውን ዘመን፣ ፀሐይና ጨረቃ የሚለያዩበትን፣ የአራቱን ወንጌላውያን ተራ፣ ሁሉንም አዘዟት። ፍቅር በትዕግሥት ጻፈችና በትሕትና ሰረዘችው።

“ጋሼ፣ ትንሽ እርማት ስትሆን ነው ቶሎ የምትነበበው። ተመስገን በአንድ እይታ አይቶ ልክ ነው ማለት አለበት። የቀረውን ሌላ ጊዜ ሌላ ገጽ እንሠራለታለን።”

“ቫ ቤኔ። ግን አንድ ነገር አትሰርዢብኝ። ዮሐንስንና ሉቃስን የማያውቅ ሰው ያነበዋል አላልሽም? ለሱ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍል፣ ሦስት ከተረፈህ ጳጉሜ ስድስት ናት በይው። ምሳሌም ስጪው፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሚሌኒየሙ የገባው በጳጉሜ ስድስት ማግስት ነው።”

ፍቅር እጇ ቆመ። ይህ አልመጣላትም ነበር። እሷ አንድ ቃል ልታርም ነበር የመጣችው፤ እሳቸው ግን ለፍራንቼስኮም፣ ሐበሻ አይቶ ለማያውቅም ሰው የሚሆን መንገድ ሰጧት።

“የምክንያቱ ቦታ ላይስ ምን ልበል?” አለቻቸው።

“በቃል ሳስተምረው ልክ ነበር፤ ሲጻፍ ጎደለ። ያየችው ፍቅር ናት፤ ያረምነው ሁለታችን ነን። ስሜንም ጻፊው፤ ኣብሰሎም።”

ተመስገን እርማቱን የተቀበለው እኛ ከአግዳሚው ሳንነሣ ነው። ሰኞ ፍራንቼስኮ አዲሱን መመሪያ አንብቦ ፕሮግራሙን አስተካከለ፤ ቀኑ የተዛባው በእኛ ትርጉም እንደሆነ የሚገልጽ ማረጋገጫም ለአሰለፈች ጻፈላት። ማመልከቻዋ በአንድ የልደት ቀን፣ ልጅቷ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላት፣ ገባ። ውሳኔው ገና ይጠበቃል፤ አሁን የሚያስመልስ ነገር ግን የለበትም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ስለ ኮምፒዩተር ልነግርህ አይደለም፤ እኔም አላውቀውም። በኛ በሐበሾች ዘንድ ስሕተት ሲታይ ሁለት ልማድ አለ። አንዱ ከኋላ ሆኖ ማማት ነው፤ ሁለተኛው ለራስ ብቻ አስተካክሎ ዝም ማለት ነው። ሁለተኛውን ጨዋነት እንለዋለን። ከፍቅር በፊት ያቺን ገጽ ያነበቡ ስንት ልጆች ስሕተቷን አይተው ለራሳቸው ብቻ አርመው አልፈው ይሆን? አንዳቸው በጥቂት ቃል ቢያሳውቅ ኖሮ አሰለፈች ይህን ሁሉ ባልተመላለሰች ነበር። በግልጽና በትሕትና የቀረበች ትንሽ እርማት የጻፈውን ከነውር ታድነዋለች፣ የሚያነበውን ከመሳሳት ታድነዋለች፣ ያረመውንም አዋቂ ታደርገዋለች። ትልቅ ሰው ነኝ የሚልም ሰው ሊታረም ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድሞ በአፉ ይናገር፤ ታናናሾቹ ካልነገራቸው ደፍረው አይጀምሩምና።

አቶ ኣብሰሎም ይህንን ከእኔ ቀድመው አውቀውታል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ወትሮው ሊያስተምሩን ተነሡ። የገጿን ነገር ሳይደብቁ ነገሩን፤ አሰለፈችንም በሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቋት፤ እሷም ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ከለከሏት። ከዚያ የዘንድሮውን አጽዋማት በጣታቸው ቆጥረው ነገሩን፤ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት አሥር ይገባል አሉ።

ጨርሰው ግን እንደ ወትሮው አልተቀመጡም። “የተሳሳትኩት ካለ አሁን ንገሩኝ” አሉ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። የሚያስል አለ፤ ነጠላውን የሚያስተካክል አለ። እኔም ራሴ፣ ይህን ሁሉ ለማውራት የማልሰንፈው ሴትዮ፣ ዝም አልኩ።

አሰለፈች ተነሣች። አጠገቧ ያለችው ሴት ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ብትሞክርም አልተቀመጠችም።

“ጋሼ፣ ሰኞ የካቲት ዘጠኝ እኮ ነው። ጾሙ የሚገባበትን ቀን ከካላንደር አይቼ ለሲኞራዬ ነግሬያታለሁ።”

አቶ ኣብሰሎም ግራ እጃቸውን ዘርግተው አንጓ በአንጓ ቆጠሩ።

“ዘጠኝ ነው” አሉ። “አሥር ብላችሁ የጻፋችሁ ሰርዛችሁ ዘጠኝ በሉ። ተባረኪ አሰለፈች። ሌላስ ያየ አለ?”

ከኋላ በኩል ሁለት እጆች ተነሡ።